አማቴን ያስረሳችኝ ሞተር

ይህ የሆነው የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ባመጣው ግርግር ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት በጣም ስለፈራሁ አይደለም፤ ሚስቴ እንድረሳው ስለማትፈቅድልኝ ነው።

ያኔ ሱሉልታ ተከራይተን እንኖር ነበር። አማቴ እማማ ጫልቱ የልጃችንን ክርስትና ሊበሉ ከጫንጮ መጥተው ሳለ መንገድ ተዘጋ፣ ሚኒባስ ጠፋ።

የመጡት ለአንድ አዳር ነበር። መንገዱ አልከፈት ሲል ግን ቤቱን ተረከቡት። አልጋዬን ለቀቅኩላቸው። ሶፋውን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ቴሌቪዥኑን «ዓይን ያጠፋል» ብለው በነጠላ ሸፈኑት። ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር፤ ያልቻልኩት የላሟን ነገር ነው።

ጫንጮ ያለችው ላማቸው ልትወልድ ደርሳለች። ባለፈው ጥጃው በእግሩ መጥቶባት ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ኦቦ ቱፋ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ራሳቸውን ይስታሉ። እማማ ሲነጋ «ላሜን!»፣ ሲመሽ «ላሜን!» ሆነ። በመጨረሻ እህል አልቀምስም አሉ።

ከአጎቴ የወረስኳት አሮጌ ሞተር ሳይክል ጓሮ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ነበር። መካኒክ አይደለሁም፤ ግን የጨነቀው ምን የማይሞክረው አለ? ካርቡራቶሩን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩት። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ቆማ ስትሠራ ነዳጇን የሚመጥነውን ሚኒሞ ዝቅ ሳደርገው ትጠፋለች፤ ከፍ ሳደርገው ሰፈሩን በጩኸት ታናውጣለች። እንዲህ ስታገል ዋልኩና በማግስቱ ጠዋት ተነሳች። አንድ አመል ብቻ ቀራት። ነዳጅ ስቀንስላት በማርሚታዋ፣ በጭስ ማውጫዋ በኩል፣ «ጧ!» ትላለች።

እማማን ከኋላ አስቀመጥኳቸው። የጓዛቸውን ማዳበሪያ በመሃላችን አሰርኩና ጉዞ ወደ ጫንጮ።

ጫንጮ ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን መንገዱ በግንድና በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች ቆመዋል።  ላቆም ነዳጅ ስቀንስ ሞተሯ «ጧ!» አለችና ጠፋች።

ወጣቶቹ በሙሉ ቦይ ውስጥ ተኙ። እኔም አላፈርኩም፣ መሪው ላይ ተደፋሁ።

እማማ ብቻ እንደተቀመጡ ናቸው። «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ።

«አዮ፣ እናቴ፣ ተኩስ ነው! ይተኙ!» አለ አንዱ ከቦዩ ውስጥ።

«የምን ተኩስ? ይቺ ሞተር ነቻ! ከሱሉልታ ጀምሮ እየፈሳች ነው የመጣችው።»

ከቦዩ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሁሉም ተከተሉት። ሆዳቸውን ይዘው ከቦዩ ወጡ። እማማ በኦሮምኛ የላሟን ነገር ሲነግሯቸው ግንዱን ገለል አደረጉልን። ሞተሯ ግን ብረግጣት፣ ብረግጣት ወይ ፍንክች።

«እንገፋልሃለን» አሉኝ። እማማ ወረዱ። ቁልቁለቱን ሲገፉኝ ተነሳች! ነዳጅ ሰጠኋት። ከኋላዬ ጩኸት ቀለጠ። የደስታቸው መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው።

ሞተሯ እንደ አዲስ በረረች። ዳገቱን እንኳ ሳታቃስት ወጣችው። «እማማ፣ አሁንማ ተስተካከለች!» አልኩ። መልስ የለም። ማዳበሪያው ጀርባዬን ይገፋኛል፤ እሳቸው ፈርተው የተጠጉኝ መሰለኝ። «አይዞዎት፣ አጥብቀው ይያዙኝ» እያልኩ ጫንጮ ገባሁ።

ኦቦ ቱፋ በር ላይ ነበሩ። «እንኳን ደህና መጣህ» አሉና ከኋላዬ አዩ። «ጫልቱስ?»

«ይኸው» ብዬ ዞርኩ። ማዳበሪያው ብቻ ነው።

ኦቦ ቱፋ ማዳበሪያውን ነካ ነካ አደረጉትና በቀስታ «እዚህ ውስጥ ነች?» አሉኝ።

ልመለስ ብል ሞተሯ እምቢ አለች። በእግሬ ሮጥኩ። እያለቀስኩ ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ ሚስቴን ምን እላታለሁ? ብዙ ሳልርቅ የፈረስ ጋሪ መጣ። እነዚያ ልጆች ዙሪያውን ተንጠልጥለዋል፤ እማማ መሃል ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል።

«ስንጠራው እኮ ቻው አለን!» አለ አንዱ።

እማማ እኔን ለመውቀስ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም፤ እንደደረሱ ቀጥታ በረት ገቡ። ላሟን ምጥ ይዟት ነበር። ያን ዕለት ማታ ጥጃዋን በሰላም ወለደች። እኔና ኦቦ ቱፋ ውጭ ቆመን ፀለይን።

ሞተሯን ቆይቼ ሸጥኳት። ያ ጊዜ ለብዙ ሰው ከባድ ነበር። ያንን መንገድ ሳስብ ግን የሚታዩኝ ሞተሬን የገፉልኝ፣ አማቴን ያደረሱልኝ ልጆች ናቸው፤ ሳቄም ይመጣል። እማማ አሁንም በሕይወት አሉ። መኪና ውስጥ ከኋላዬ በተቀመጡ ቁጥር፣ መንገድ ላይ ትንሽ ዝም ካልን፣ ትከሻዬን መታ አድርገው «አለሁ!» ይሉኛል።