ቆርኪው ተመልሶ ይገባል

ባለፈው ሳምንት ጸጉሬን ልሠራ የገባሁበት ቤት አንዲት ልጅ ጥፍሯን ቀይ ቀለም እየተቀባች ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ራሴን አዞረኝ። ለሌላው ሰው የጥፍር ቀለም የሠርግ ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ የዘንዶ ሽታ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ዘንዶ፣ ቤተ መንግሥት፣ ጆሮው የሾለ ሰው፣ ያ ሁሉ ቅራቅንቦ ለእኔ የሚሸተው ጥፍር ቀለምና የበቆሎ አቧራ ነው። በዚሁ ቅራቅንቦ ሰበብ አንዲት ጓደኛ አጥቻለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን፣ እዚሁ ጂንካ። አራት ነን፤ እኔ፣ አባቱ አይሱዙ የሚነዳ የሾፌር ልጅ፣ እናቷ ገበያ ዳር የምትሰፋ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ እና አጫዋቿ። አጫዋቿ የምላት የወንጌላዊውን ልጅ ነው፤ ጨዋታውን የምታጫውተን እሷ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እኔ አፌን ስከፍት ሰው ይቀየመኛል፤ እሷ ከኋላዬ እየተከተለች ታስታርቀኛለች። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ጨዋታውን ያመጣው ወንድሟ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንድ ከረጢት ባለ ብዙ ገጽ ጠጠር ይዞ መጣ፤ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ እንደ ሉዶ የሚወረወሩ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ የራሱን ሰው ይፈጥራል፤ ስሙን፣ ጉልበቱን፣ የያዘውን ዕቃ ይጽፋል። አጫዋቿ ዓለሙን ትተርካለች። «ከፊታችሁ የተሰበረ ድልድይ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች። «እዘላለሁ» ካላችሁ ጠጠር ትወረውራላችሁ። ትልቅ ቁጥር ከመጣ ተሻገራችሁ፤ ትንሽ ከመጣ ወዮላችሁ።

ጠጠሮቹ ሳምንትም አልቆዩ። ወንጌላዊው አገኟቸውና «ቁማር? በእኔ ቤት?» ብለው ከነከረጢታቸው ሽንት ቤት ከተቷቸው። ወንድሟ ቢለማመጣቸው «ጉድጓዱ ክፍት ነው፣ ግባና አውጣ» አሉት።

መላውን ያመጣችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባ በእናቷ ቀይ የጥፍር ቀለም ከአንድ እስከ ሃያ ጻፈችባቸውና በጨርቅ ከረጢት አድርጋ አመጣቻቸው። ወንጌላዊው እነሱንም አዩ።

«ይሄስ?»

«ዕጣ ነው አባዬ። እንደ እቁብ።»

«እቁብ ከሆነ ይሁን» ብለው ሄዱ።

እቁብ ካልን በኋላ ደግሞ እንደ እቁብ ተጫወትነው። እቁብ ላይ አንዴ የወጣ ዕጣ ተመልሶ አይገባም አይደል? እኛም የወጣውን ቆርኪ ጎን አስቀምጠን በቀረው እንቀጥላለን፤ ሃያውም ካለቀ በኋላ እንደገና ከረጢት ይገባል። ለአንዳችንም ስህተት አልመሰለንም። እናቶቻችን ሁሉ ዕጣ የሚያወጡት እንዲያ ነዋ።

የምንጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ፣ ወንጌላዊው ግቢ ባለው የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እንደ ክር ቀጭን ነበር፤ አቧራው ውስጡ ይዋኛል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ አጫዋቿም እየጮኸች ነበር የምትተርከው። ድምጿ ደስ ይል ነበር፤ ይሄን አልክድም።

ግን ምን ያደርጋል። እግራችን የጂንካን ጭቃ ተሸክሞ፣ አንዳችንም በዓይናችን ያላየነውን የበረዶ ተራራ እንወጣለን። እኔ ጆሮዋ የሾለ የጫካ ልዕልት ነበርኩ። አስቡት፣ እኔ! አንድ ዓመት ሙሉ ልዕልት ሆኜ አንድ ቀን አልራበኝም፣ አላተኮሰኝም፣ ሽንቴ እንኳ አልመጣም።

ዘንዶውማ ያሳዝን ነበር። የሾፌሩ ልጅ የቆርኪውን ነገር ቶሎ ነቃበት። ትንንሾቹ ቁጥሮች ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ የማይረባ ነገር ሁሉ ያደርጋል። «የጫማዬን ክር አስራለሁ» ይልና ሦስት ያወጣል፤ ክሩ ይበጠሳል፣ እንስቃለን። «ፈረሴን አጠጣለሁ»፤ አምስት። «አስነጥሳለሁ»፤ አንድ። ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ትልልቆቹ ብቻ ሲሆኑ ብድግ ብሎ «በሉ አሁን ዘንዶው ይምጣ!» ይላል። ዘንዶው ይመጣል፤ እንደ ዶሮ ይታረዳል።

ቁጥሩ ክፉ ቢሆን እንኳ የሚሞት የለም። አንዳችን ገደል ብንገባ አጫዋቿ መብራት የያዘች አሮጊት ትልክልናለች። ሁልጊዜ። «ከሩቅ ትንሽ ብርሃን ታያለህ…» ብላ ስትጀምር እኔ ካፏ ነጥቄ «መጣች! ሴትዮዋ መጣች! እንቅልፍ የላትም እንዴ?» እላለሁ።

«ታዲያ ይሙት?»

«አንድ ቀን እንኳ አንድ ሰው ይሙት እንጂ!»

«ልንጫወት ተሰብስበን ለምን እንሞታለን? አንቺ ደግሞ።»

ሰለቸኝ። ወንድሟን በስልክ ሌላ ጨዋታ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሰው የሚያብድበት አለ፣ ቁስል የማይድንበትም አለ፣ ኮፒ አድርጌ እልክላችኋለሁ አለ። ይኸው እስካሁን እየላከ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የሾፌሩ ልጅ አባት ቆላ ካለችው ከተማ ከካንጋተን ሲመለስ ቤታቸው ተቀምጬ አዳመጥኩት። መኪናው ቆላው መሀል ተሰብሮበት ሁለት ቀን የራዲያተር ውሃ እየጠጡ ቆይተው ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ እየሳቀ ሲያወራ ይደማል። እኔ የምፈልገው ጨዋታ ይሄ ነው አልኩ። ሰው ምራቁን ሲውጥ የሚሰማበት!

እናም የራሴን ሠራሁ። ስሙን «መንገድ» አልኩት። ልዕልት የለም፣ ፈረስ የለም። አንድ አይሱዙ ከጂንካ ተነስቶ ካንጋተን ይሄዳል፤ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደያዛችሁ ይጻፋል፤ ወባ አለ፣ አሸዋ አለ፣ ጎርፍ አለ። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ የወጣው ቆርኪ ወዲያው ተመልሶ ይገባል። አንድ ቁጥር አሁን ወጣ ማለት ቀጥሎ አይወጣም ማለት አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ሁልጊዜ ክፉው አለ።

በመጀመሪያው ቀን የሾፌሩ ልጅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሞተ። በደስታ አበደ! የልብስ ሰፊዋ ልጅ አልዱባ ገበያ ላይ ወርዳ ስትከራከር መኪናው ጥሏት ሄደ፤ ከት ብላ ሳቀች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ወደ መጋዘኑ አልሄዱም፤ እኛ ቤት መጡ። አጫዋቿ ሁለት ቅዳሜ መጋዘን ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። አውቅ ነበር። «ትለምደዋለች» አልኩ።

የዚያን ክረምት ወንጌላዊው ካንጋተን ሄደው እንዲያገለግሉ ተመድበው ነበር፤ ቤተሰቡም አብሮ ሊሄድ። እሷ ግን ትምህርቷን ጂንካ መጨረስ ፈለገች። እናቴ «እኛ ቤት ትሁን» አለች፤ እኔ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ አዲስ ትራስ ሰፍታ ጨርሳለች። ወንጌላዊው «ልጄ ራሷ ትወስን፤ እሑድ ትነግረኛለች» አሉ። ስለዚህ እስከ እሑድ ነበር ጊዜዋ።

ቅዳሜ ዕለት እኛ ቤት መጣች። የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። «እኔም ሰው ሠርቻለሁ» አለች። ሁልጊዜ አጫዋች ስለነበረች የራሷ ሰው ኖሯት አያውቅም። ወረቀቱን አነበብኩት፤ ቤተሰቦቿ ርቀው ሲሄዱ ከተማ የቀረች ተማሪ። በደንብ የተጻፈ ነበር፤ የደብተሯ ቀለም ሳይቀር። እኔ ምን አልኩ? «ይቺማ በእንባ ጀሪካኑን ትሞላልናለች» አልኩ። የሾፌሩ ልጅ ሳቀ።

ጀመርን። ተማሪዋን ወባ ያዛት። የተከራየችበት ቤት አከራይ «ውጪልኝ» አላት። አጫዋቿ ትንሽ አሰበችና «ጓደኛዋ ቤት ትሄዳለች» አለች። «ታንኳኳለች።»

«ቆርኪ አውጪ።»

አወጣች። አንድ።

«ደግሜ ላውጣ?»

«መንገድ ላይ ድጋሚ የለም።»

«እሺ፣ ምን ሆነ ታዲያ?»

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። አንድ ማለት ክፉ ነገር ሆነ ማለት ነው፤ የትኛው ክፉ ነገር የሚለው ግን የአጫዋቹ፣ ማለትም የእኔ፣ ፈንታ ነው። ውሻው ነከሳት ማለት እችል ነበር። ጓደኛዋ ገበያ ሄዳለች፣ ትጠብቅ፣ ዝናብ ይምታት ማለት እችል ነበር። ሦስቱም አፌን እያዩ ነው። እኔ ደግሞ ያ ዝምታ እንዴት እንደጣመኝ!

«ጓደኛዋ ውስጥ ናት» አልኩ። «ሰምታታለች። አልከፈተችላትም።»

የሾፌሩ ልጅ አፏጨ። «አንቺ ጨካኝ!» አለኝ፤ እንደ ሽልማት ተቀበልኩት።

«ለምንድን ነው ያልከፈተችላት?» አለች አጫዋቿ፣ ቀስ ብላ።

«ሕይወት እንዲህ ናት» አልኩ። በአሥራ አምስት ዓመቴ! ጸጉሬን የምታበጥርልኝ እናቴ፣ ቁርሴን የምታቀርብልኝ እናቴ፣ እኔ ስለ ሕይወት ላስተምር።

ወረቀቱን አጠፈችው። «እሺ» አለች። ጨዋታው እስኪያልቅ ተቀምጣ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ሞት እንኳ አይታ ነው የሄደችው።

እሑድ ለአባቷ «አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አለች። ከቸርች ስንወጣ ክንዷን ይዤ «ለምን?» አልኳት። «አባዬ እኔ ካላቀረብኩለት ምግብ አይበላም» አለች፤ አይኔን ሳታይ። ጨዋታ ነው እኮ፣ እኛ ቤት ሌላ ነው፣ ነይ ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ ግን «እንደፈለግሽ» አልኩ፤ ተቀይሜያታለሁ፣ እኔ! ሰኞ ጠዋት አይሱዙ ላይ ዕቃቸው መሀል ተቀምጣ ሄደች። እናቴ «ምን ብለሻት ነው?» አለች። «ምንም» አልኩ። ትራሱ እስከ መስከረም ፍራሹ ላይ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ የእኔ ታላቅ ጨዋታ ስንት ጊዜ የቆየ ይመስላችኋል? ሁለት ቅዳሜ። ሁሌ መሞትም ይሰለቻል። የሾፌሩ ልጅ ኳስ መጫወት ጀመረ።

ዓምና ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች፤ በካንጋተን ሰዎች ቋንቋ፣ በኛንጋቶምኛ ስልክ ታወራለች፣ እየሳቀች፣ እንደ አፍ መፍቻዋ። ስታየኝ ስልኩን ዘጋችው።

«አንቺ! አሁንም ሰው ትገድያለሽ?»

«ሥራ በዛብኝ፣ ተውኩት።»

ተሳሳቅን። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ አባቷ ጠየቅኋት። ከዚያ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፦ «ያን ጊዜ የሄድሽው በእኔ ነው አይደል?»

«የቱን ጊዜ?» አለችና ልጇን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አዘለችው። «ያንቺ ጨዋታ ግን የእውነት ነበር። የእኔ የሕፃን ጨዋታ ነው» አለች።

ይሄን ቃል ከአፏ ለመስማት በዚያ መጋዘን ውስጥ አንድ ዓመት ጮኼያለሁ።

«ያንቺ ይሻል ነበር» አልኳት።

አየችኝ። «ውሸት እኮ አትችዪበትም» አለች።

ባጃጅ አስቆምን። ዕቃዋን እስክታስገባ «እስኪ ያዢልኝ» ብላ ልጁን ሰጠችኝ። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ወተት ወተት ይሸታል። የሹራቤን አንገት ጨምድዶ ያዘው። ሾፌሩ ሁለቴ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ጣቶቹን ለማላቀቅ አልቸኮልኩም።