ጉድጓዱን ያፈነው ዓለምሰገድ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ ዓለምሰገድን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ጆሮው የተባረከ ነው። ማንጠግቦሽ ምግብ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተጎልቶ፣ ሰው በጋበዘው ሻይ ጉሮሮውን እያረጠበ፣ «የኦጋዴን ጋዝ እኮ በእጄ ነበር» ይላል። ታዲያ ለምን አልወጣም ሲሉት መልሱ የታወቀ ነው፤ «ድንጋዩ መካን ነዋ!»

ውሸቱን ነው። ጋዙ ዓይን በማያያቸው የድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ሞልቶ ነበር። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲቆፈር በጉድጓዱ የሚሞላው ጭቃ ጋዙን ገትቶ ለመያዝ ያህል ብቻ ይከብዳል፤ ከዚያ ካለፈ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ቀዳዳውን ይደፍናል። የጭቃው ሥራ ኃላፊ ዓለምሰገድ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ካድሬዎች ሊጎበኙ ነው ሲባል ሐሞቱ ፈሰሰ። ጋዙ በእንግዶቹ ፊት ቢፈነዳ አሻጥረኛ ተብሎ ሲረሸን ታየው።

«አክብዱት! ጨምሩ!» አለ።

ረዳቱ ታመነ፣ «ጋሼ፣ ይበቃል፤ እናፍነዋለን» ቢለው ገላመጠው።

የፈሩት ይደርሳል። ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ በግ ታርዶ፣ ጉድጓዱ ሲከፈት የወጣው ነበልባል ሽሮ አያፈላም፤ እሱም ወዲያው ጠፋ። ማነው አሻጥረኛው ሲባል ዓለምሰገድ ለካድሬው ጆሮ የታመነን ስም ሹክ አለ። ታመነ ታሰረ። ዓለምሰገድ ምርመራው ወደ እሱ ሳይዞር በሞያሌ ሾለከ፤ ናይሮቢ ሲደርስ ደግሞ ጥፋቱን ለድንጋዩ ሰጠው።

አንድ ቅዳሜ የታመነ ሚስት ዕፀገነት አፈላልጋ ምግብ ቤቱ ድረስ መጣች። ሰው ሁሉ እየሰማ ለመነችው።

«ጋሼ ዓለምሰገድ፣ ከእንግዲህ እርስዎን የሚነካ የለም። ጭቃው እንዲከብድ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብለው ቃልዎን በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ፍርዱ ሳይሰጥ ላድርስለት።»

ይህ ሰው ያሰበው ግን ሊቀጥረው እያመነታ ስላለው አንድ የነዳጅ ፍለጋ ኩባንያ ነበር።

«እህቴ፣ እዚህ ካዚ ላገኝ ነው። ጉድጓድ አፈነ ከተባልኩ ማን ይቀጥረኛል? ፖሌ ሳና» አላት። አዘንኩ ማለቱ ነው፤ ያውም በሰው አገር ቋንቋ።

ዕፀገነት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «ታመነ ማን እንደጠቆመበት እስካሁን አያውቅም» አለችው። «ለመርማሪዎቹ፣ ጋሼ ዓለምሰገድ ቢኖሩ ይመሰክሩልኝ ነበር ይላቸዋል።»

እሷ ስትወጣ ዓለምሰገድ እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ማንጠግቦሽ ቀድማው አነሣችና ሻዩን ደጅ ወጥታ ደፋችው።