ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪና የእኔ ትርጉም

በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር ካለፈ በኋላ ነው። በስደት አገር፣ ፓይን ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ በተከራየሁት ቤት በግድግዳ የሚዋሰኑኝ አንድ የደሴ ሰው ነበሩ። እርሳቸው በአውሮፕላን ማረፊያው አቅመ ደካማ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር ይገፉ ነበር። እኔ አገሬ ላይ ቋንቋ ያስተማርኩ ሰው፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ እጠብቅ ነበር።

ጎረቤቴ በወጣትነታቸው፣ ባጃጅ በአገራችን ገና ሳይታወቅ፣ በውኃ መሳቢያ ሞተር የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሠርተዋል። የደሴ ማዘጋጃ ቤት ግን ታርጋ ከለከላቸው። ይህን ሲያወጉኝ እየሳቁ ነበር።

“መምህር፣ አንድ እግር ቢጨምሩበት መኪና፣ ቢቀንሱለት ሞተር ብስክሌት ነበር አሉኝ። መሐል ላይ ቀረሁ።”

ሁለተኛውን የሠሩት ለባለቤታቸው ነው። ባለቤታቸው ጉልበታቸው ከድቷቸው ከመስኮት ሥር አይነሡም ነበር። የከተማዋ ሐይቅ ከእኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ አንድ ጊዜ ዞሬው ብመጣ ይሉ ነበር። በሚገፋ ወንበር እንውሰድዎ ስንላቸው አሻፈረኝ አሉ። “ቀኑን ሙሉ የሰው ሰው ሲገፋ ውሎ፣ ማታ ደግሞ እኔን ይግፋ?”

ጎረቤቴ ከተጣለ የሣር ማጨጃ ሞተሩን ፈቱ፤ ከአሮጌ መኪና ወንበር ከነቀበቶው አወጡ። የብርዱን ወራት ሙሉ ሲበይዱ ከርመው፣ ሙቀቱ ሲመለስ ባለቤታቸውን አስቀመጧቸውና ተነሡ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳያልፉ ፖሊስ አስቆማቸው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ተመርምሮ ታርጋ ካላገኘ መንገድ ላይ አይወጣም ብሎ ወደ ቤት ሸኛቸው።

ለምርመራው እኔ በአስተርጓሚነት ሄድኩ። መርማሪው ብየዳውን በባትሪ እያየ ዞረው፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ ተሽከርካሪው ተሠርቶ ያለቀና ለመንገድ የሚታመን እንደሆነ ጠየቀ። ጎረቤቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

“ምን ሠራሁት ይባላል፤ እንዲያው ሞካከርኩ እንጂ።”

ይህ የጨዋ ሰው መልስ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በእንግዳ ፊት እንዲህ ይላል፤ እኔም ይህን ከማንም በተሻለ አውቃለሁ። ነገር ግን በሹም ፊት ከሰው ቃል ላይ መጨመርም መቀነስም ድሮ የተማርኩት ፍርሃት ነበር። ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ አልሠራሁትም፣ ሞክሬ ነው ይላሉ አልኩ። መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዲህ ነው ያሉት ሲል ደግሞ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ያላለቀ ሙከራ ብሎ ጻፈ፤ መሐንዲስ ፈርሞ ካልመሰከረለትም አንቀበልም አለ።

ስንወጣ ጎረቤቴ ምን ጎደለው አሉኝ። እውነቱን ብነግራቸው የከለከላቸው የእኔ ትርጉም እንደሆነ ያውቁ ነበር። ዓይኔ ፍሬኑ ላይ አረፈ።

“ፍሬኑ ነው” አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የእረፍት ቀናቸውን ሁሉ ለፍሬን ሰጡ። ዶራቪል ከሚባለው ጎረቤት ከተማ ዕቃ ያመጣሉ፤ ያስራሉ፤ ይፈታሉ። መሐንዲስ የሚባለውንም እኔ እፈልጋለሁ ብዬ ነበር፤ አንዱን አግኝቼ የሆነውን ማስረዳቱ ቢያሳፍረኝ ሳልጨርስ ተውኩት። ባለቤታቸው በመስኮት በኩል እያዩ ይቀልዱ ነበር፤ ይህ ሰው የሚያቆመውን ሲያስብ የሚያስኬደውን ረሳ ይሉኝ ነበር። ስቄ አልፋለሁ።

የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ባለቤታቸው ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ጠሩኝ። ተሽከርካሪው በረንዳው ሥር ቆሟል። በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ቀበቶውን ራሳቸው አሰሩልኝ። አስነሥተው ጥቂት ሄዱና ፍሬኑን ያዙ። ተሽከርካሪው ቀጥ አለ።

“ያዘ?”

“ያዘ” አልኳቸው።

ሞተሩን አጠፉ። መሪውን አልለቀቁም፤ ወደ እኔም አልዞሩም።

“መጀመሪያውኑ እንዲህ አድርጌ ብሠራው ኖሮ ሐይቁን ታየው ነበር” አሉ። “ጥፋቱ የኔ ነው፣ መምህር።”

ቀበቶውን ልፈታ ብሞክር መቆለፊያው አልለቅ አለኝ። እርሳቸው ዞረው ፈቱልኝ። “ፍሬኑ አሁን ጥሩ ነው” ብያቸው ወረድኩ።