ጥላ የማያስቀረው ካሜራ

ሀብቴ ፎቶ አንሺው ወልድያ ላይ ከእኔ የልብስ ስፌት ሱቅ ጎን ነበር የሚሠራው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አሁንም የሚያሙት ስላሉ ነው፤ ስሰማቸው ያናድዱኛል።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት አንድ የአስመራ ነጋዴ ለትልቁ ባለ ሦስት እግር ካሜራው ፎቶ ወዲያው የሚያወጣ የፊልም መያዣ አመጣለት። ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ፊልሙን አንድ በአንድ እየወሰደ፣ ከፎቶው ሌላ ታጥቦ የሚቀመጥ ነጋቲቭ ይሰጣል። ሁለተኛው ስምንት ፊልም ባንዴ ይጎርሳል፤ ከፎቶው ላይ ተልጦ የሚቀረው ወረቀት ግን አይረባም። ሀብቴ ሁለቱንም ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

«የቱን ልግዛ?»

«ነጋቲቭ ያለውን ነዋ! ወረቀት ይቀደዳል፤ ሰውም ይሞታል።»

ሳቀብኝ። «አንተ መቀስህን ያዝ። አገሬው ጥላዬ ነጋቲቭ ላይ ሰው እጅ ቀርቶ ድግምት ይደገምብኛል ብሎ እንደሚፈራ ጠፍቶህ ነው?»

እውነቱን ነበር። ሁለተኛውን ገዛ። ነጋዴው ግን ምናልባት ሐሳቡን ቢለውጥ ብሎ አንደኛውንም ከጥቂት ፊልም ጋር ትቶለት ሄደ። ሀብቴ ፎቶውን ልጦ ይሰጥና የተረፈውን ወረቀት እዚያው በክብሪት ያቃጥለዋል። ገበያው ደራ፤ ከመርሳና ከውርጌሳ ሳይቀር ይመጡለት ጀመር።

መሪማም የሰባት ዓመት ልጇን ቡርቱካንን ይዛ ከግራና የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ፎቶ ተነሣች። «ወላሂ፣ አመዱን ካላየሁ አልሄድም» አለች እናትየው። ሀብቴ አቃጥሎ አሳያት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ረሀቡ ገባ። ስለሱ ብዙ አልናገርም። ለከፈን አቡጀዲ ከመቅደድ በቀር ሥራ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት መሪማ ብቻዋን መጣች። ቡርቱካንን መርሳ ላይ ቀብራታለች። ፎቶዋን በጉያዋ ይዛ ስለተጓዘች ላብ በልቶታል፤ ከልጅቷ የቀረው አንድ ጆሮ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሌላ አውጡልኝ።»

«የለኝም እኮ፣ እቴ። ፊትሽ አቃጠልኩት።»

«ያስቃጠልሁት እኔው ነኝ። ግን አንቱ አይተዋታል። መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ምን ትመስል ነበር?»

በካሜራው መስታወት ላይ ሰው የሚታየው ተገልብጦ ነው። ሀብቴ ቡርቱካንን ልብ ብሎ ያያት እግሯ ወደ ላይ፣ ፊቷ ወደ ታች ሆኖ ነው። የቀናውን ፊቷን ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

«አንቺን ነበር የምትመስል» አላት፤ ሌላ ምን ይበል።

«እንግዲያው እኔን አንሱኝ።»

አቧራ የጠጣውን ባለ ነጋቲቩን መያዣ አወረደና አነሣት። ፎቶውን አይታ ስታበቃ መለሰችለት፤ ስለ አመድ አልጠየቀችም።

«አንቱ ጋ ይቀመጥልኝ። እኔ ጋ ላብ ይበላዋል። አላህ ካለ ተመልሼ እወስደዋለሁ።»

አልተመለሰችም። ሀብቴ በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት የመሪማን ነጋቲቭ መስኮቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሁልጊዜም ገልብጦ። የሰው ጥላ ይዞ ይደግማል ብለው የሚያሙትም በዚህ ነው። አንድ ቀን አቃንቼ ልሰቅለው ብሞክር እጄን ያዘኝ።

«ተው» አለኝ። «እናትየው ስትገለበጥ ልጅቷ ትመጣለች።»

እኔም ልጅቷን አየኋት። መምጣቷን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።