በአፌ የቀረው ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሻርጃ ላይ ለነፍስ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ፣ ስካሬን እንኳ ሳላስቀር ዘርዝሬ፣ ይህችን ብቻ ከምላሴ ሥር አስቀርቻለሁ። "የቀረህ ነገር አለ ልጄ?" ሲሉኝ "የለም አባ" ብያለሁ። ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር፤ ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛል። ፈሪ ነኝ፤ አስቀድማችሁ ይህን እወቁልኝ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። ዕቃ ሊገዙ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎችን ዱባይ፣ ዴራ ገበያ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ አዞራለሁ። ነጋዴዋ "ይሄ ሌባ! አምና የሸጠልኝ ጫማ በወሩ ተገነጠለ በለው" ስትለኝ፣ ለባለሱቁ በዐረብኛ "የቆየሁ ደንበኛህ ነኝና አስተያየት አድርግልኝ ትላለች" እለዋለሁ። እሱ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ዕቃው ይጫናል። አባቴ በአገር ቤት ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። "ክፉ ቃል አስታራቂው ሆድ ውስጥ ይቀበር" ይሉ ነበር። እኔም ለሙያዬ የሚሆን ጥበብ መስሎኝ ያዝኩት።

በአገራችን ጦርነት ጊዜ በዚሁ ሙያዬ ተጠራሁ። አገር ቤት ተዋጊዎች የነበሩት የስደተኛው ንቅናቄያችን ተወካይ ጋሽ መርዕድ ነበሩ፤ የድሮ የሒሳብ መምህር፣ ቁጡ፣ ዐረብኛ የማይሰሙ። ንቅናቄውን የሚረዳው የዐረብ አጋር መንግሥት አንድ ኮሎኔል ይልክ ነበር። አል ማምዛር በሚባል ሰፈር በተከራየነው አፓርታማ ሲገናኙ መካከላቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጋሽ መርዕድ "አሽከር አደረጋችሁን በለው" ሲሉ፣ "ትብብራችን ይጠናከር ይላሉ" እላለሁ። ኮሎኔሉ "እናንተ ሰዎች አትረቡም" ሲል፣ "ጥረታችሁን አደንቃለሁ ይላል" እላለሁ። ሁለቱ ተጨባብጠው ሲለያዩ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ግን ኮሎኔሉ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ተናገረ። ተዋጊዎቻችን ወንዝ ተሻግረው ተከበው ነበር፤ የጋሽ መርዕድ አንድያ ልጅ ያሬድም እዚያ ነው። የምንጠብቀው የአጋሮቻችንን አውሮፕላን ነበር። ኮሎኔሉ "አውሮፕላን አይመጣም። ከላይ ተወስኗል። መውጫው ሳይዘጋ ሰዎቻችሁ ዛሬውኑ ይውጡ" አለ።

ሰማሁት። ዐረብኛው አልጠፋኝም። ጋሽ መርዕድ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ያን ቃል በእሳቸው ፊት ማውጣት ፈራሁ። ጠረጴዛውን ገልብጠው ቢወጡስ? ኮሎኔሉ ተቀይሞ ቢቀርስ? ባለሱቅ መጀመሪያ "አልሸጥም" ይል የለ? ነገ ይለሳለሳል፣ እስከዚያ እኔ ልያዘው ብዬ አሰብኩ። "ትንሽ ይዘገያል፣ ታገሡ ይላል" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ጋሽ መርዕድ በረንዳ ወጥተው ስልክ ደወሉ። "ጠብቁ፣ ይመጣሉ" ሲሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ እንኳ ዘልዬ ስልኩን ብቀማቸው እውነቱ ይደርስ ነበር። ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ።

ጠበቁ። መውጫው ተዘጋ። ጥቂቶች ሲያመልጡ ያሬድ እዚያው ሞቶ ቀረ። ንቅናቄው "አጋሮቻችን ከዱን" ብሎ ግንኙነቱን አቋረጠ፤ ኮሎኔሉም ተመልሶ አልመጣም። ጋሽ መርዕድ ዐጅማን ከተማ ጠባብ ቤት ገብተው ብቻቸውን አረጁ። አርብ አርብ እየሄድኩ መድኃኒታቸውን አደርሳለሁ፤ ደግ ሰው ነህ ይሉኛል። "ጠብቅ ያልኩት እኔው አባቱ ነኝ" እያሉ ሲያለቅሱ ጀርባቸውን የማሸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ሻይ በጠጣሁበት በዚያው እጄ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባለፈው ክረምት ኮሎኔሉ ጡረታ ወጥቶ ለንግድ ዱባይ መምጣቱን ጋሽ መርዕድ ሰሙ። ሰው ልከው ለመኑት፤ እሺ አለ። "ለምን እንደዋሸኝ ልጠይቀው ነው። ቃሌን የምታውቀው አንተ ነህ፣ አንተ ታስተረጉምልኛለህ" አሉኝ። አሞኛል ማለት አቃተኝ። ሌላ አስተርጓሚ ቢያመጡስ? ይህን ፈርቼ ሄድኩ።

ዐጅማን ባሕሩ ዳር ካለ ካፌ ተቀመጥን። ጋሽ መርዕድ "ለምን ዋሸኸኝ በለው" አሉ። ጥያቄውን "ስለዚያ ቀን ምን ታስታውሳለህ ይላሉ" ብዬ አለሰለስኩት። ኮሎኔሉ ግን ወዲያው "ዛሬውኑ ይውጡ ብዬ ነገርኩት እኮ! ዋላሂ ነገርኩት!" አለ።

ጋሽ መርዕድ ክንዴን ያዙ። "ዋላሂ ብሎ የሚምለው ምንድን ነው?"

"ከልቤ አዝኛለሁ እያለ ነው" አልኳቸው።

ኮሎኔሉ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ፣ ያን ቀን ነግረኸው ነበር?" አለኝ።

"አዎ፣ ነግሬያቸው ነበር" አልኩት።

ኮሎኔሉ አመነኝ። የተነገራቸውን ሐዘን ያስረሳቸው ሽማግሌ ሳይመስሉት አልቀረም፤ እጁን ዘርግቶ በእጃቸው ላይ አሳረፈ። ጋሽ መርዕድ ግን ይህ ጸጸቱ መሰላቸው። እንባቸው ወረደ። "ልጄን አጥቻለሁ፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ቂም ይዤ አልሞትም። ይቅር ብዬሃለሁ በለው" አሉኝ።

ያንንም አላደረስኩም። "ይቅር ብዬሃለሁ ይላሉ" ብዬ ብነግረው "ምን አጥፍቼ?" ይላላ! "ስለመጣህ አመሰግናለሁ ይላሉ" አልኩት። ተጨባበጡ። በታክሲ ስንመለስ ጋሽ መርዕድ "ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ" ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

እውነቱን ብነግራቸው ያገኙትን እንቅልፍ እነሳቸዋለሁ እላለሁ ለራሴ። ውሸት ነው። የምፈራው ፊታቸውን ነው፤ ያን ቀን የፈራሁትን ያንኑ ፊት። ያሬድን የገደለው የእኔ ፍርሃት ነው፤ ሰበብ አልፈልግለትም።

ያ "ይቅር ብዬሃለሁ" የሚል ቃል ማንም ጋ አልደረሰም፤ እስካሁን በአፌ ነው። ለራሴ ልውሰደው ብዬ ሞክሬ ነበር። ግን እሳቸው ለእኔ አልሰጡኝም። ነገ አርብ ነው፤ መድኃኒታቸውን ይዤ እሄዳለሁ፣ በሩን ከፍተው ደግ ሰው ነህ ይሉኛል።