«አቦ ነው»

እናቴ ውብነሽ ሊሙ ገነት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። የባለጉዳይ ስም ሲጠራላት የፋይሉን ቁጥር ከነመደርደሪያው ትናገር ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣች፤ የደም ግፊት ኪኒኗን አንድ ቀን ትውጣለች፣ ሦስት ቀን ትተዋለች። ወጥ ታሳርራለች። አንዱን ነገር አራቴ ትጠይቀኛለች። እኔም ሰው ነኝ፣ ይሰለቸኛል። የመርሳት በሽታ ነው ከተባለ ቤቷን ዘግቼ ጅማ እኔ ዘንድ እንደማመጣት ነገርኳት። የቤቷንም ቁልፍ ሐኪም ቤት በወሰድኳት ዕለት ጠዋት ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐኪሙ አጵሎስ ከደቡብ የመጣ ጴንጤ ወጣት ነው። መጀመሪያ ሦስት ቃላት አስያዛት፤ ቀጥሎ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቃት።

«አቦ ነው» አለች።

ወር በገባ በአምስት፣ ጻድቁ የሚታሰቡበት ቀን ማለቷ ነው። እሱ ግን የጅማ ልጅ ሲሰለቸው «ኧረ አቦ» እንደሚለው መሰለውና፣ «እናቴ አይቆጡኝ፣ ትንሽ ነው የቀረን» እያለ ይለማመጣት ጀመር። እሱ ይለማመጣል፣ እሷ አቦ ነው ትላለች። ደሜ ፈላ። ቁጥሩን ንገሪው እንጂ ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ ወሩም፣ ዓመቱም፣ ሦስቱ ቃላትም ጠፏት። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

አጵሎስ እኔን ውጭ ይጠብቁ አለኝ። ጭራሽ እኔን። በሩ ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። ትንሽ ቆይታ ሦስቱንም ቃላት አንድ በአንድ መለሰችለት። ታዲያ ቅድም ምን ነካዎት ሲላት ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ልጄ ስትቆጣ ሁሉም ነገር ይጠፋኛል። ከተሳሳትኩ ቤቴን ልትዘጋው ነው።»

መልሶ ሲያስገባኝ፣ ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣትም አእምሮ ያደክማሉ አለኝ። ኪኒኗን በየቀኑ ወስዳ ከወር በኋላ ሳያያት የመርሳት በሽታ ነው እንደማይል ነገረኝ።

ካርድ ክፍል ቀጠሮ ስናስይዝ ሠራተኛዋ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ጠፋኝ። አሥር ዓመት የያዝኩት ቁጥር። ከኋላ የተሰለፈው ያጉረመርማል፣ ሴትዮዋ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ታንኳኳለች፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አይዞሽ፣ ቀስ በይ፣ ይመጣልሻል።»

መጣልኝ። እኔ ለእሷ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብያት አላውቅም። ቁልፏን ከቦርሳዬ አውጥቼ እጇ ላይ አኖርኩላት።