ስፌት የሌለው ሹራብ

እናናዬን ደባርቅ ውስጥ በመልክ የማያውቃት ቢኖር በሹራቧ ያውቃታል። እንጀራዋ የትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪ ካርድ ስትሞላ ኖራለች። የወለደችው መዓዛን ብቻ ቢሆንም በሰፈሩ ክርስትና የተነሣ ሕፃን ሁሉ የእሷን ሹራብ ለብሶ ነው ያደገው። ለገንዘብ እንዳይመስላችሁ። "ስንት ልክፈልሽ?" ያላትን ሰው ዓመት ታኮርፈዋለች። እሷ የምትፈልገው መመስገን ነው፤ እሱን ደግሞ ጠገብኩ ብላ አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሴቶች ክራቸውን ይዘው በረንዳዋ ላይ ይሰበሰባሉ። ባለሱቋ አበባየሁ ከጎንደር የምታስመጣውን ለስላሳ የፋብሪካ ክር ይዛ ትመጣለች፤ እናናዬ ደግሞ እየዞረች የሁሉንም ሥራ ታያለች። "ይሄን ፍቺው። እዚህ ጋ አንድ ዐይን ዘለሻል። አንገቱን ደግሞ አጥብቀሽዋል፤ የልጅ ጭንቅላት በምን ሊያልፍ ነው?" ትላለች። ይፈቱታል። ማን ወንድ ይከራከራታል!

እንዲህ ተከብራ በምትኖርበት ሰዓት ነው ሊያ የመጣችው።

ሊያ ከባሕር ዳር ለሥራ ተዛውራ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቦርሳዋ በገመድ የተያያዙ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች አወጣች። ከአንገት ትጀምርና ዙሪያውን እየዞረች ወደ ታች ትወርዳለች፤ ፊቱን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ፣ እጅጌውን ለብቻ ሠርቶ መስፋት ብሎ ነገር የለም። የተማረችው ከስልኳ ነው። አበባየሁ ያለቀውን ተቀብላ ገለበጠችው።

"ወይ ጉድ! ስፌቱ የታለ?"

"የለውም" አለች ሊያ አፍራ።

እናናዬ እርር ድብን አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የኮራችው ስፌቷን ሰው እንዳያየው አድርጋ በመስፋቷ ነው። ይቺ ትናንት የመጣች ልጅ ጭራሽ የምትሰፋው ነገር የላትም! በሳምንቱ ሁለት ወንበሮች ወደ ሊያ ዞሩ። በሦስተኛው ሳምንት አራት ሆኑ። ደግሞ ልጅቷ ኩራተኛ ብትሆን ምን ነበረበት? እናናዬ ደስ ብሏት ትጠላት ነበር። እሷ ግን ውሃ ትቀዳለች፣ ወንበር ታነሣለች፣ "እትዬ እናናዬ" ሳትል አትናገርም።

ነፍሰ ጡሯ መዓዛ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ አንድ ቀን እናቷ ጎን ተቀመጠች።

"እማዬ፣ የክርስትናውን ሹራብ ሊያ ብትሠራልኝስ? ስፌት የለውም፣ የሕፃን ገላ አይፈትግም። አንቺ አርፈሽ አያት ሁኚ።"

"ደስ እንዳለሽ" አለች እናናዬ እየሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰችው። የገዛ ልጄ! የገዛ የልጅ ልጄ!

ሊያ ለዚህ ሥራ የፋብሪካ ክር አልፈልግም ብላ፣ ገበያ ቀን ከአንዲት የጃናሞራ ሴት በእጅ የተፈተለ ነጭ የበግ ጠጉር ገዛች። ገና በግ በግ ይሸታል። ይዛው ቀጥታ እናናዬ ቤት መጣች።

"እትዬ እናናዬ፣ ቅባት ቅባት ይላል። አሁን ልጠበው ወይስ ሠርቼ ስጨርስ? መዓዛ እርስዎን እንድጠይቅ ነገረችኝ።"

እናናዬ መልሱን ታውቀዋለች። በየዳ ወረዳ ያለችው አክስቷ ናት ያስተማረቻት፤ ከነቅባቱ የተፈተለ ክር ሳይሠራ በፊት ከነጥቅሉ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ ድንጋይ ታስሮበት፣ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ሳይታጠብ ከተሠራና ሙቅ ውሃ ካገኘው ግን ተኮማትሮ ይቀራል፤ ማንም አይመልሰውም።

"ስትጨርሺ ነው እንጂ" አለች። "በሙቅ ውሃ በሳሙና እሽት አድርጊው። ያን ጊዜ ይለሰልሳል።"

ሊያ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመችና ሄደች።

ከዚያ እናናዬ እውነቱን ለመናገር አራት ወር ያህል ጊዜ ነበራት። በየቅዳሜው ሹራቡ ሲያድግ ታያለች፣ "ተሳስቼ ነው ልጄ" ለማለት አፏ ላይ ይደርስና አንዷ "ሲያምር!" ስትል መልሳ ትውጠዋለች። ይልቅስ ከቢሮ ስትመለስ በሯን ቆልፋ ከአበባየሁ ሱቅ በገዛችው ነጭ ክር የራሷን ሹራብ ትሠራ ነበር።

ልጅቷ ተወለደች፤ ሰማንያ ቀኗም ደረሰ። በዋዜማው ከሰዓት ሊያ እያለቀሰች መጣች። መዳፏ ላይ ያስቀመጠችው ነገር ለአሻንጉሊት እንኳን አይሆንም፤ እንደ ቆዳ ደርቋል።

"እርስዎማ ነግረውኝ ነበር። ውሃውን አብዝቼ ያሞቅሁት እኔ ነኝ። መዓዛን በምን ዐይኔ አያታለሁ?"

እናናዬ ተነሣች። ከዚያ ሣጥኗን ከፍታ የራሷን አወጣች። "አይዞሽ፣ እኔ ጋ አንድ ነበረች" አለች።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞላ። ሕፃኗ የእናናዬን ነጭ ሹራብ ለብሳ መዓዛ እቅፍ ውስጥ ተኝታለች። "ድሮስ! የእናናዬን እጅ ማን ያህለዋል!" ተባለ። የእናናዬ ልብ ቅቤ ጠጣ። ሊያ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

አበባየሁ ወደ ሊያ ዞር አለች። "ስሚ እስቲ፣ ዳባት ላለችው እናቴ ከጃናሞራው ክር ብርድ ልብስ እየሠራሁላት ነው። ሦስት ወር ፈጀብኝ። እንዴት ነው የሚታጠበው?"

"እትዬ እናናዬ እንዳስተማሩኝ፣ ስትጨርሺ በሙቅ ውሃ ማሸት ነው። እንደኔ ግን አብዝተሽ አታሙቂው፤ የኔን ያበላሸሁት እኔው ነኝ።"

"እናናዬ ካለችማ አለቀ" አለች አበባየሁ። ሌሎቹም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናናዬ ልትጎርስ ያነሣችውን መልሳ አስቀመጠች። አበባየሁ ብርድ ልብሱን ይዛ ስታለቅስ፣ ሌላዋም ስታለቅስ፣ ሁሉም "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ሲሉ ታያት።

"እንዳታደርጊው" አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣ። "ክሩ ነው አስቀድሞ የሚታጠበው። ለሊያ ውሸቴን ነው የነገርኳት። እያወቅሁ፤ እንዲበላሽባት ብዬ።"

መዓዛ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ የሕፃኗን ሹራብ ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፣ አወለቀችላት፣ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች።

"ኧረ ተይ መዓዛ፣ ይበርዳታል!" ሊያ ከጥጉ ተነሣች። ዐይኗ እንባ እንዳቀረረ ሹራቡን ከእናናዬ ጭን ላይ አነሣችና፣ ሕፃኗን ከመዓዛ ተቀብላ ትንንሾቹን እጆች በእጅጌው እያስገባች መልሳ አለበሰቻት። ሴቶቹ ሁሉ የሚያዩት እሷን ነበር። ሕፃኗም እጇ ላይ ዝም አለች።

እናናዬ አንገቷን እንደደፋች ከሥር አየቻት። እፍረቱ ፊቷን ያቃጥላታል። በዚያች ሰዓት እንኳን፣ ቀናችባት።